ቃል ያልተገባበት ነገር

በኦፐሬቲንግ ሲስተም የውስጥ አሠራር ላይ ስለሚመረኮዙ ፕሮግራሞች ወረታ ላይ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብንባት ወረታ የፎገራ ሜዳ መናኸሪያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩት እዚሁ ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር ያለው መሬት ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ሪብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይዘውት የሚወርዱት የክረምት ውሃ ከቦያቸው ወጥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራል። ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ የሆነው ሩዝም ቢሆን በ1970ዎቹ ዓመታት ወደዚህ መጥቶ የለመደው ያን የሚተኛ ውሃ አግኝቶ ነው።

ገበሬው ከወንዙ ጋር የተዋዋለው ውል የለም። ወንዙ በየዓመቱ ይህን ያህል እሞላለሁ፣ በዚህ ቀን እጎድላለሁ ብሎ ቃል አልገባለትም። ገበሬው ግን ለብዙ ዘመን ተመልክቶ ጠባዩን አውቆታል፤ ባወቀውም ላይ ዘሩን አፍስሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ እጅግ ቀንሶ ዳርቻው በተገለጠ ጊዜ፣ ሐይቁ የለቀቀውን መሬት ያረሱ ሰዎች ነበሩ። የሐይቁ ከፍታ ግን በዝናብ ብቻ ሳይሆን በጨረጨራ ላይ በተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያም የሚወሰን ነበረ፤ መዝጊያው የሚከፈተውና የሚዘጋውም ለኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ እንጂ ለዳር አራሽ ተብሎ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጎርፉ ከተለመደው ወሰን አልፎ የፎገራን ቀበሌዎች አጥለቀለቀ።

የርእሰ ጉዳዬ ባለቤት ገበሬው አይደለም፤ እኛው ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ነን። ይሁንና ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንዘራው ሐይቁ በለቀቀው መሬት ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፦ ከርነል የምንለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም አስኳል ነው። የማስሊያውን ጊዜ ለየፕሮግራሙ የሚያካፍል፣ ሜሞሪውን የሚደለድል፣ ዲስኩንና ከውጭ የሚሰኩትን መሣሪያዎች ሁሉ የሚያስተዳድር እርሱ ነው። ተራው ፕሮግራም ከእርሱ የሚፈልገውን ነገር የሚጠይቅበት የታወቀ በር አለው፤ ሲስተም ኮል ይባላል። በበሩ የሚሰጠው አገልግሎት የተጻፈ ነው፤ ነገ ብትመጣም ይኸው ይሰጥሃል የሚል ቃል አለበት። ከበሩ በስተጀርባ ግን ሠንጠረዦች አሉ፤ የመስኮች ስፋትና አቀማመጥ አለ፤ መሣሪያዎች የሚታወቁበት ቅደም ተከተል አለ። እነዚህን በተመለከተ ማንም ለማንም ቃል አልገባም። ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች ነገ ማለዳ የተሻለ መንገድ ቢታያቸው ይለውጡታል፤ መለወጡም መብታቸው ነው። ችግሩ የሚነሣው በመስኮት አሾልቆ የውስጡን ያየ ፕሮግራም ያየውን ነገር እንደ ቃል ኪዳን ሲቆጥረው ነው።

እኔም ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። የሠራሁትም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሩዝ መፈልፈያ የሚዛን መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፍኩ። መፈልፈያው ሁለት ሚዛኖች ነበሩት። አንደኛው ከበሩ ላይ ሆኖ ገበሬው ያመጣውን ያልተፈለፈለ ሩዝ ይመዝናል፤ ሁለተኛው ከወፍጮው ኋላ ሆኖ የተፈለፈለውን ይመዝናል። ሁለቱም በየራሳቸው ገመድ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒዩተር ጋር ተያይዘዋል። ሊኑክስ እንዲህ ላሉ ገመዶች ስም የሚያወጣላቸው ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተገኘው “ቲቲዋይ ዩኤስቢ ዜሮ” ይባላል፤ ተከታዩ “ቲቲዋይ ዩኤስቢ አንድ”። እኔ ለብዙ ሳምንታት ስሞክረው የበሩ ሚዛን ዘወትር ዜሮ፣ የኋላው ዘወትር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በፕሮግራሜ ውስጥ ዜሮን የበር፣ አንድን የኋላ ብዬ ጻፍኩ። መጠየቅ አልታየኝም።

ታኅሣሥ ገባ። አዝመራው ተወቅቶ ጆንያው በጋሪና በአህያ ወደ መፈልፈያው የሚጎርፍበት ወር ነው። እኔም ሥራው ሳይበዛ ብዬ በዋዜማው ሌሊት የኮምፒዩተሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲሱ እትም አሳደግሁት። አዲሱ ከርነል መሣሪያዎቹን ያገኘበት ቅደም ተከተል ከቀድሞው የተገለበጠ ነበረ። በማግሥቱ ጠዋት በበሩ ሚዛን ላይ ለተጫነው ጆንያ ደረሰኝ የሚወጣው ከወፍጮው ኋላ በተቀመጠው ጆንያ ክብደት ሆነ። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ የስሕተት መልእክትም አላወጣም። የሚያወጣው ቁጥር ዜሮ ወይም ሺሕ ቢሆን ኖሮ ማንም ያየው ነበር፤ ነገር ግን ከኋላው ሚዛን ላይም ዘወትር ሙሉ ጆንያ ስለማይጠፋ ቁጥሩ ሁሉ እውነት ይመስል ነበር።

ነገሩን የደረሱበት አንዲት እናት ናቸው። ደረሰኙን ለልጃቸው አስነብበው ወደ እኔ መጡና “ልጄ፣ ይህ ወረቀት የእኔን ሩዝ አልመዘነም። ከቤቴ በቁና ሰፍሬ ነው የመጣሁት” አሉኝ። እኔም ዛሬ ስናገረው በሚያሳፍረኝ ድፍረት “እማማ፣ ኮምፒዩተር እኮ አይሳሳትም” አልኳቸው። እርሳቸው አልተከራከሩኝም፤ “እንግዲያው እንደገና ይመዘን” ብቻ አሉ። ተመዘነ። በወረቀቱና በሚዛኑ መካከል የአሥራ አንድ ኪሎ ልዩነት ተገኘ። የጎደለባቸውም እርሳቸው ነበሩ።

ያን ዕለት ጠዋት የወጡት ደረሰኞች አርባ ሦስት ነበሩ። ግማሾቹ ገበሬዎች ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ትርፍ የተከፈላቸውም የጎደለባቸውም ነበሩ። የመፈልፈያው ጸሐፊና እኔ በየመንደሩ እየዞርን ሒሳቡን ለማቃናት ሦስት ቀን ፈጀብን። አንድ አባወራ ትርፍ የተከፈለውን ገንዘብ ሲመልስልን “ማሽኑ ሰክሮ ነው ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ አልሰከረም ነበር። የሠራው በትክክል የነገርኩትን ነው።

እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ከሙያችን ጋር የተወለደ መሆኑን ታሪኩ ያስረዳል። በቀደመው የዩኒክስ ዘመን “ፒ ኤስ” የሚባል በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝር ትንሽ መሣሪያ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ለዝርዝሩ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በከርነሉ የውስጥ ሠንጠረዥ ውስጥ ነበረ፤ በበሩ በኩል ግን የሚሰጠው አልነበረም። ስለዚህ ፒ ኤስ የሠንጠረዡን አድራሻ ከከርነሉ ፋይል ላይ ይፈልግና፣ “ኬሜም” በሚባለው መስኮት የከርነሉን ሜሞሪ በቀጥታ እየከፈተ ያነብ ነበር። አንድ ሰው ከርነሉን አሻሽሎ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ መስክ የጨመረ እንደሆነ፣ ፒ ኤስ የአንዱን ቁጥር የሌላው አድርጎ ያነባል። ስለሆነም ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ፒ ኤስም አብሮ እንደገና መዘጋጀት ነበረበት። ያንኑ ደግሞ የከርነሉን ሜሞሪ ለማንበብ ልዩ ሥልጣን ስለሚያስፈልገው፣ ቀላሉ መሣሪያ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ የያዘ ሆኖ ይኖር ነበር።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው የቤል ላብራቶሪው ቶም ኪሊያን ነው። በሥራ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፕሮግራም እንደ አንድ ፋይል ቆጥሮ “ፕሮክ” በሚባል ማውጫ ሥር እንዲታይ አደረገ። ሊኑክስም ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ አስፋፋው፤ መረጃውንም ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ማቅረብ ጀመረ። በሌላ አነጋገር፣ ሰዎች በመስኮት እያሾለቁ እንዳስቸገሩ የተመለከተ ባለቤት በመስኮቱ ቦታ ሁለተኛ በር አወጣ ማለት ነው። አሮጌው መስኮት ኬሜም ከሊኑክስ ውስጥ ጨርሶ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

በአዲሱ በር የገቡትም ቢሆኑ ማሾለቁን አልተዉም። በፕሮክ ሥር ያለው “ስታት” የሚባለው ፋይል የፕሮግራሙን ስም በሁለተኛው ተራ በቅንፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው መስመሩን ባዶ ቦታ ባለበት ሁሉ እየቆረጠ ያነበዋል፤ ለብዙ ጊዜም በትክክል ይሠራለታል። አንድ ቀን በስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ያለበት ፕሮግራም ሲመጣ የመስኮቹ ቁጥር በአንድ ይዘልና ንባቡ ሁሉ ይዛባል። ሰነዱ ስሙ በቅንፍ ውስጥ እንዳለ ከጥንት ጀምሮ ይናገራል፤ ቅንፉን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው።

የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚህ ጉዳይ ላይ የያዘው ሕግ በሙያችን ውስጥ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ለአንድ የሥራ ባልደረባው በጻፈው እጅግ ቁጡ ደብዳቤ እንዳስታወቀው፣ የከርነል ለውጥ ተጠቃሚው ሲሠራበት የነበረውን ፕሮግራም የሰበረ እንደሆነ ጥፋቱ የከርነሉ ነው፤ ፕሮግራሙ መጥፎ ነው ብሎ ማመካኘት አይፈቀድም። ሕጉ የሚጠብቀው ተራውን ፕሮግራም ነው። በከርነሉ ውስጥ ተሰክተው ለሚሠሩ ሞጁሎች ግን የሊኑክስ ሰዎች ምንም ዋስትና እንደማይሰጡ በግልጽ ጽፈዋል።

የሕጉ ክብደት የታየበት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። “ፓወርቶፕ” የሚባል የኮምፒዩተርን የኃይል አጠቃቀም የሚለካ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ከርነሉ ለገዛ መርማሪዎቹ የሚያወጣውን የክትትል መዝገብ ያነብ ነበር። የመዝገቡ መስኮች የት የት እንዳሉ የሚናገር መግለጫ ከአጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ ፓወርቶፕ መግለጫውን ሳያይ ቦታቸውን በቃሉ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 “ትልቁ የከርነል ቁልፍ” የሚባለው አሮጌ አሠራር ተነሣ፤ ስለ እርሱ የሚናገረውም መስክ ጥቅም ስለሌለው ከመዝገቡ ወጣ። ወዲያው ፓወርቶፕ ተሰበረ። ጥፋቱ የፓወርቶፕ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሕጉ ግን ሕግ ነውና የወጣው መስክ ምንም የማይናገር ባዶ ቦታ ሆኖ ተመለሰ። ባለቤቱ የሞተበት ወንበር በማዕድ ላይ ተዘርግቶ እንደሚቆይ ማለት ነው።

ሁሉም ቤት በሩን በአንድ ቦታ አያወጣም። ሊኑክስ ቃል የሚገባው በሲስተም ኮሉ ላይ ነው፤ ዊንዶውስና የአፕል ማክ ግን ቃል የሚገቡት ከሲስተም ኮሉ በፊት ባለው የቤተ መጻሕፍት ደረጃ ነው። የጎ ቋንቋ አዘጋጆች በማክ ላይም እንደ ሊኑክስ በቀጥታ ሲስተም ኮሉን ይጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል ሲየራ የተባለውን እትም ሲያወጣ ሰዓት የሚጠየቅበትን የውስጥ አሠራር ለወጠ፤ በአሮጌው ጎ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም ይወድቁ ጀመር። ከዚያ በኋላ የጎ ሰዎች በማክ ላይ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ።

በእኛ አገር ያለውን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ታሪክ የማገኘው በገዛ ጽሕፈታችን ላይ ነው። ከ33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ቅርጽ ብቻ ብንቆጥር 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃሎቹ፣ 20ው ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ አሉ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የሚያውቃቸው የፊደል ቦታዎች ደግሞ በጠቅላላው 256 ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙው አስቀድሞ የተያዘ ነው። ለግዕዝ ፊደል የተከፈተ በር አልነበረም። ስለዚህ የአገራችን ፕሮግራም ጸሐፊዎች በመስኮት ገቡ። በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ አኖሩ፤ አንዱ ፎንት ሲሞላ ሁለተኛ ጨመሩ፤ ኪቦርዱ ሲመታ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለጽሕፈት ፕሮግራሙ ሳያደርስ ከመንገድ ጠልፈው ሁለት ቁልፍን ወደ አንድ ፊደል ለወጡ። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉትን ያልተጠቀመ ጽሕፈት ቤት ጥቂት ነበረ። ያ ትውልድ ባይደፍር ኖሮ አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፍበት ቀን ስንት ዓመት እንደሚዘገይ አስቡት። ስለዚህ የማነሣቸው ለወቀሳ አይደለም።

ይሁንና መስኮቱ የራሱን ዋጋ አስከፈለ። በላቲን ቦታ የተቀመጠው ጽሑፍ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው። ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ ስንሻገር ለ16 ቢት የተጻፈው ፕሮግራም ጨርሶ አልነሣም አለ፤ ለ32 ቢት የተጻፈው የኪቦርድ መጥለፊያም ወደ 64 ቢቱ ፕሮግራም መግባት አይችልምና፣ በአንዱ ፕሮግራም አማርኛ እየጻፈ በሌላው ላቲን ይጽፍ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ቦታ ተሰጥቶት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍትም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር ማውጣት ጀመረ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በመስኮት የገባው ግን እስከ ዛሬ በየመዝገብ ቤቱ ዲስክ ላይ አለ። በቅርቡ በአንድ የገጠር ጽሕፈት ቤት የቆየ የይዞታ ደብዳቤ እንድከፍት ተጠይቄ ነበር፤ የተጻፈበት ፎንት ስሙ እንኳ ከማንም ዘንድ ጠፍቷል። በአንድ ወገን የታተመ ቅጂ ስለተገኘ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ እያስተያየሁ ሠንጠረዡን መልሼ ሠራሁት። ቅጂው ባይገኝ ኖሮ የአንድ ቤተሰብ የወሰን ጉዳይ በዚያው ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሊኑክስ ሕግ ልመለስና አንድ ቅሬታ ላቅርብ። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ጩኸቱ ለተሰማ ሰው ነው። የተሰበረ ነገር መሰበሩን የሚናገር ከሌለ፣ እንዳልተሰበረ ይቆጠራል። ፓወርቶፕ የተሰማው ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው ስለሚጠቀሙበት ነው። የፎገራ ሩዝ መፈልፈያ ግን ማን ይሰማዋል? እኛ አዲሱን እትም የምንጭነው ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ መሰበራችንን ስናውቅ ለውጡ አርጅቶ ሌሎች ነገሮች ተሠርተውበታል። አሁን ለመመለስ ቢሞከር ሌላው ይሰበራል። ስለዚህ ሌላው ዓለም በሕጉ ተማምኖ የሚያደርገውን ድፍረት እኛ ማድረግ አይገባንም። ይህ የብልኅነት ጉዳይ ሳይሆን የርቀት ጉዳይ ነው። በበኩሌ ከማኅበራችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በየመሥሪያ ቤቱ የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች በገበያው ወር ሳይሆን በክረምት፣ ገና ባልወጣው የሙከራ እትም ላይ የሚፈትን አንድ ኮምፒዩተር ይኑረን። የተሰበረውን ገና ትኩስ ሳለ ብንጽፍላቸው ይሰሙናል፤ ለመስማት ፈቃደኞች መሆናቸውን በተግባር አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ ባሻገር ያለው ዳርቻ የቱን ያህል እንደሆነ የሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አሳይቶናል። ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የደኅንነት ፕሮግራም በመስኮት የሚያሾልቅ ሳይሆን ከዊንዶውስ ከርነል ጋር በአንድ ቤት የሚያድር ነበረ። ከባለቤቱ የተላከ አንድ የተሳሳተ የመረጃ ፋይል ሲያነብ ከተፈቀደለት ሜሞሪ አልፎ ረገጠ፤ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች አብረውት ወደቁ። በአንጻሩ በሊኑክስ በኩል የከርነሉን ውስጥ መመርመር የግድ ለሚሆንባቸው መሣሪያዎች የተዘረጋ አዲስ መንገድ አለ፤ ከርነሉ የሠንጠረዦቹን አቀማመጥ የሚናገር መግለጫ አብሮት ይይዛል፤ መርማሪው ፕሮግራምም ሲጫን መስኩ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቆ ራሱን ያስተካክላል። የጥንቱ ፒ ኤስ ያጣው ይህንኑ ነበር።

የመፈልፈያውንስ ነገር እንዴት አደረግኸው የሚል ይኖራል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከተራ ቁጥሩ ሌላ መታወቂያውን የሚገልጽ ስም ያዘጋጃል፤ የተሠራበት ፋብሪካና የመለያ ቁጥሩ ያለበት። የእኔ ሁለት ገመዶች ግን ርካሽ ስለነበሩ የየራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም፤ መንታ ናቸው። ስለዚህ በመታወቂያቸው ሳይሆን በተሰኩበት ሶኬት ለየኋቸው። ይህም ቢሆን ሰው ገመዱን ነቅሎ ሲመልስ ቦታ እንዳያለዋውጥ ስለሚያሰጋ፣ የበሩን ሶኬትና ገመድ አረንጓዴ፣ የኋላውን ቀይ ቀለም ቀባናቸው። ፕሮግራሙም በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በበሩ ሚዛን ላይ ባለ አምስት ኪሎ የብረት መመዘኛ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ አምስት ካላየ አንድም ደረሰኝ አያወጣም።

እኒያ እናት ዛሬም ሩዛቸውን የሚያመጡት በቁና ሰፍረው ነው። ባለፈው ወር ጸሐፊው ስልክ ደውሎ ሦስተኛ ሚዛን መግዛታቸውን ነገረኝና “ይኼኛውን ምን ቀለም እንቀባው?” ሲል ጠየቀኝ።